የሰሜኑ ክፍል መስኮት

ኃላፊዋ ወንበር ላይ ቆማ የሰሜኑን ክፍል መስኮት ስንጥቅ በጨርቅ እየደፈነች ሳለ ስልኳ ጮኸ። በአንድ እጇ ምስጥ የበላውን የመስኮት እንጨት እንደያዘች በሌላው አነሳችው።

"ተገኘ!" አሉ የቦርዱ ሊቀመንበር። ከባንክ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ደስ ሲላቸው ካልጮኹ መናገር አይችሉም። "የሚረዳን ሰው ተገኘ፣ ልጄ! መስኮት በዪ፣ ኮርኒስ በዪ፣ እኔ እችላለሁ ብሏል!"

"ማነው እሱ?"

"ባለ መስታወቱ ነዋ! ያ የመስኮትና የበር ፋብሪካ ያለው። ነገ ጠዋት ቤቱን ሊያይ ይመጣል።" ስሙን ከነአባቱ ጠሩላት።

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። በስንጥቁ የገባው ንፋስ ፊቷን ገረፋት። የተጠራው የታላቅ ወንድሟ ስም ነበር። የአባታቸው ስም በየሰፈሩ የሞላ ስም ስለሆነ ሊቀመንበሩ ሁለቱን አንድም ቀን አያይዘው አያውቁም፤ እሷም ወንድም አለኝ ብላ ተናግራ አታውቅም።

"ሰማሽኝ?"

"ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ይምጣ።"

ቤቱ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ነው። ድሮ ክሊኒክ ነበር። ግድግዳው ገና ጠንካራ ነው፤ መስኮቶቹ ግን ተበልተዋል፣ ከኮርኒሱ በላይም ከቆርቆሮ በቀር ምንም የለም። በብርድ ወራት ማሞቂያዎቹ ቀን ከሌት ይነዳሉ፤ የመብራት ሂሳቡ የመድኃኒቱን በጀት ይበላል፤ ሰዎቹ ግን አሁንም ካፖርታቸውን ለብሰው ይተኛሉ። ኃላፊዋ ለስንቱ እርዳታ ድርጅት ማመልከቻ ጽፋለች። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ እኛ የምንረዳው ሰውን እንጂ ሕንፃን አይደለም። "ሰዎቼ ሜዳ ላይ የሚያድሩ መስሏቸው ነው እንዴ?" ትላለች፤ ማንም አይመልስላትም።

አሁን ረጂ ሲገኝ ደግሞ እሱ ሆኖ መጣ።

ከወንበሩ ወርዳ በቀጥታ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች። አጣቢዋ የአልጋ ልብስ ክምር ፊት ቆማ እንደ በረዶ በቀዘቀዘ ውሃ እየዘፈዘፈች ነበር። እዚህ ቤት የኃላፊዋን ሚስጥር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ የእናቷን የመጨረሻ ልብስ ያጠበችውም እሷ ነበረች።

"ወንድሜ ሊመጣ ነው" አለቻት። "መስኮት ሊያስገባልን።"

አጣቢዋ እጇን ከውሃው አወጣች። "ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ አሉ። ምን አስታወሰው ዛሬ?"

"እኛን አስታውሶ አይደለም። የገጠመው መስታወት ከፎቅ ወድቆ ሰው አቁስሎ የለ? ስሙ ጠፍቷል። በእኛ ሊያጥበው ነው።"

"ማጠብስ የኔ ሥራ ነበር" አለች አጣቢዋ። "እና ምን ልታደርጊው አሰብሽ?"

"ላስቀምጠው። ሰሜኑ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር። እማዬ በተቀመጠችበት።"

"ተይ፣ እቱ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።"

"እኔ እንደሆን አልጸልይም፣ እትዬ። ሳሉ ግን እዚህ ቤት ሞልቷል።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባታቸው ከሞተ በኋላ የቀረው አንድ ቤት ነበር፣ በእናታቸው ስም። ወንድሟ ያኔ በየሰው ቤት እየዞረ መስኮት የሚገጥም ባለሙያ ነው። "እማዬ፣ ቤቱን እንሽጠውና የመስታወት መቁረጫ ማሽን ልግዛበት፤ አንቺ ከኔ ጋር ትኖሪያለሽ" አላት። እናት ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ማሽኑ ተገዛ፤ ማሽኑ ፋብሪካ ወለደ። እሱ ደግሞ ልጅ ወለደና ቤቱ ጠበበ። "የምሠራው ቤት እስኪያልቅ ለአንድ ወር ብቻ" ብሎ እናቱን እዚህ አምጥቶ አስቀመጣት። ቤቱ አለቀ። ሁለተኛ ቤትም ሠራ፤ እናት ግን እዚሁ ነበረች። ኃላፊዋ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ነርስ ነበረች። የሆነውን ስትሰማ ሥራዋን ለቃ መጣች፤ እናቷን ልትወስድ ለመነች፣ እምቢ ስትላት እዚሁ ቤት ተቀጠረች። በሁለተኛው ክረምት ብርዱ የእናቷ ደረት ውስጥ ገባና ቀበረቻት። ወንድሟ ለቀብር በጥቁር መነጽር መጥቶ፣ ከሁሉ ቀድሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። እሷ ግን በልቧ በየቀኑ ታናግረው ነበር፤ ሰሃን ስታጥብ፣ መንገድ ስትሄድ፣ የምትለውን ቃል ስትመርጥ፣ ስትለውጥ፣ ስትሞርድ።

በማግስቱ ጠዋት በሰሜኑ ክፍል የሚኖሩትን አሮጊት ደግፋ ወደ መመገቢያ አዳራሽ ወሰደቻቸው። እማማ ሬዲዮ ይባላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ የትናንቱና የዛሬው ይደባለቅባቸዋል፤ አፋቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ ስለማይዘጋ ሬዲዮ ተባሉ። ኃላፊዋ ተመለሰችና ማሞቂያውን ከሶኬቱ ነቀለች። አራት ወንበር አስገባች። አንዱን መስኮቱ ሥር አደረገች።

ወንድሟ ከሊቀመንበሩና ሕንፃውን ካጠናችው መሐንዲስ ጋር ገባ። ወፍሯል፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። እሷን ሲያይ ፊቱ ላይ የልጅነቱ ነገር ብልጭ አለና "ሚጡ..." ብሎ ጀመረ። ከእሱ በቀር ማንም በዚህ ስም አይጠራትም።

"እንኳን ደህና መጡ" አለችው። "እዚህ ጋ ይቀመጡ።"

ከአንድ ማህፀን የወጣች እህቱ አንቱ ስትለው ሰውየው በጥፊ እንደተመታ ደርቆ ቆመ። ከዚያ ተቀመጠ።

"ትተዋወቃላችሁ እንዴ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"በስም" አለች ኃላፊዋ።

እሱም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

መሐንዲሷ ትንሽ ስክሪን ያለው ካሜራ አውጥታ ወደ መስኮቱ አዞረችው። "ይሄ መሣሪያ ሙቀትን ያሳያል። ቀዩ ሙቅ ነው፣ ሰማያዊው ብርድ።" ስክሪኑ ላይ የወንድሟ ራስ ቀይ ሆኖ ታየ፤ ዙሪያው ሁሉ ሰማያዊ ነበር። "መስታወቱ ነጠላ ነው፣ እንጨቱ አልቋል፣ ኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚይዝ ምንም ነገር የለም። እውነቱን ልንገራችሁ? እናንተ ቤቱን አይደለም የምታሞቁት። ሰማዩን ነው።"

"ሰማዩም አላመሰገነንም" አሉ ሊቀመንበሩ፣ ብቻቸውንም ሳቁ።

መሐንዲሷ መፍትሔውን አስረዳች፦ ድርብ መስታወት ያላቸው መስኮቶች፣ ኮርኒሱ ላይ ወፍራም ንጣፍ፣ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ። ይሄ ሁሉ ከተሠራ የመብራት ሂሳቡ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ የተረፈው ለመድኃኒት ይሆናል። ኃላፊዋ ጥናቱን ቀደም ብላ አንብባዋለች። አሁን የምታየው የወንድሟን እጆች ነው። መጀመሪያ የካፖርቱን ቁልፎች ቆለፉ። ቀጥሎ ኮሌታውን አነሱ። ቀጥሎ ጉልበቱን ማሸት ጀመሩ። በጀርባው የሚገባውን ንፋስ እሷ ታውቀዋለች፤ አንገት ሥር ጀምሮ ወገብ ላይ የሚያርፍ ንፋስ ነው።

"እዚህ ክፍል ሰው ይተኛል?" አለ በመጨረሻ።

"ይተኛል" አለችው። "ሞቶበትም ያውቃል።"

ዓይኑን ወደ ማዶው ባዶ አልጋ ላከ፤ ወዲያው መለሰው። ገብቶታል። እሷም እንደገባው አየች፤ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለ።

"መስኮቱንና ኮርኒሱን ሙሉ በሙሉ እሸፍናለሁ" አለ ፈጠን ብሎ። "የውሃው ነገር ለሌላ ጊዜ ይቆየን። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። መግቢያው ላይ በእብነበረድ 'ለውድ እናቴ መታሰቢያ' ተብሎ ስሜ ይጻፍ። በምርቃቱ ቀን ጋዜጠኞች ይመጣሉ።"

"ሲያንስ ነው!" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ከፈቀዱልኝ ጽሑፉን ትንሽ ላስተካክለው" አለች ኃላፊዋ። እስክሪብቶ አነሳች፤ ከዓመታት በፊት በልቧ ተሞርዶ ያለቀ ቃል ስለነበር ቆም ብላ አላሰበችም። ጻፈችና ጮክ ብላ አነበበች። "'መስኮቶቹን ያስገባው ልጇ ነው። እናት ስትጠብቀው አረፈች።'"

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። "እንዴት ያለ አንጀት የሚበላ ነገር ነው! በቃ፣ ይሄ ይሁን!" መሐንዲሷም ራሷን ነቀነቀች። እናት የጠበቀችው መስኮቱን ይሁን ልጁን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ ፊቱ አመድ መስሎ፣ በሰው ፊት እምቢ የሚልበት ምክንያት አጥቶ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

ግቢው ውስጥ፣ መኪናው አጠገብ ጠበቃት።

"አንቱታውን ተዪው አሁን። ማንም አይሰማንም።"

"እሺ። ምን ፈለግህ?"

"ዕድሜ ልኬን ግድግዳ ላይ ልትሰቅይኝ ነው?"

"እብነበረድ የመረጥከው አንተ ነህ። እኔ ወረቀትም ይበቃኝ ነበር።"

"እንደበረዳት አልነገረችኝም" አለ። ድምፁ ወረደ። "አንድ ቀን እንኳ በረደኝ አላለችኝም።"

"የት አግኝታህ?"

"ልወስዳት ነበር እኮ! ዛሬ ነገ ስል..."

"ዛሬም ነገም አለፈ።"

"አንቺስ? አንቺ ለምን አልወሰድሻትም?"

ይህን ጥያቄ ጠብቃው ነበር። "ለመንኳት። እግሯ ሥር ወድቄ ለመንኳት። 'ልጄ ሲመጣ ያጣኛል' አለችኝ። አንተ እንዳታጣት ብላ ነው እዚህ የቀረችው።"

የመኪናውን በር ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ሲናገር ነጋዴው ተመልሶ ነበር። "የውሃ ማሞቂያውን እጨምራለሁ። ለልብስ ማጠቢያው፣ ለመታጠቢያ ቤቱ፣ ለሁሉም። ያንን ጽሑፍ አውጪው። ልጆቼ ያነቡታል።"

"ልጆችህ ማንበብ መቻላቸው ደስ ይላል" ብላው ገባች።

በልቧ ግን አልገባችም። ኮሪደሩ መሐል ቆመች። ያን ቃል በስንት ዓመት ነው የሞረደችው? አሁን ደንጊያ ላይ ሊቀረጽ ሲል በሙቅ ውሃ ትለውጠው? ሻጭ ትሁን እንደ እሱ? እግሯ ወደ ማጠቢያው ወሰዳት። አጣቢዋ እጇን ብብቷ ሥር ቀብራ ቆማለች። ጣቶቿ እንደ በርበሬ ቀልተዋል፤ መገጣጠሚያቸው ላይ ተሰነጣጥቀዋል። ኃላፊዋ ሁሉንም ነገረቻት።

"እና ከኔ ምን ፈለግሽ?" አለች አጣቢዋ።

"አንቺ ፍረጂ።"

"እኔ ማንበብ አልችልም፣ እቱ። ደንጊያው ላይ ያሻውን ይጻፉበት። ሙቅ ውሃ ግን እችላለሁ።"

ኃላፊዋ ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ አልቆ ዓይኗ ውሃ ሞላ። እዚያው ማጠቢያው በር ላይ ቆማ ደወለችለት።

"የውሃውን ማሞቂያ አምጣ። ጽሑፉ ይቀራል፤ ስምህም አብሮ ይቀራል። ደንጊያ የሚባል ነገር አይኖርም።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ሚጡ።"

"አልጨረስኩም። የሰሜኑን ክፍል መስኮት ሠራተኛ አይነካውም። አንተ ትገጥመዋለህ፣ በገዛ እጅህ።"

"እኔ? መሣሪያ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ!"

"እጅ አይረሳም። ካልሆነ ጽሑፉ ይቀረጻል፤ ደንጊያ ቀራጩ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቶኛል።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ልታይ ስትል "መቼ?" አለ።

ሥራው ሲጀመር ግቢው በእንጨትና በመስታወት ተሞላ። ሠራተኞቹ የደቡቡን ክፍሎች ሲጨርሱ፣ አንድ ጠዋት ወንድሟ ያለ ሾፌር መጣ። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ ሆዱ ላይ ጠብቦታል። እህቱ እማማ ሬዲዮን ልታወጣቸው ገብታ ነበር። እሳቸው ግን "እኔ ወንድ ሲሠራ ማየት ነው የምወደው" ብለው እምቢ አሉ፤ ዓይናቸው የሚያየው ጥላ ብቻ ቢሆንም። በሦስት ብርድ ልብስ ጠቅልላ ጥግ ላይ አስቀመጠቻቸው።

አሮጌውን መስኮት ሲነቅል እንጨቱ እንደ ዳቦ ፈረሰ። አዲሱን ብቻውን ተሸክሞ አስገባ፤ መዳፉ ደማ፤ በጨርቅ አስሮት ቀጠለ። እጁ እውነትም አልረሳም። እኩለ ቀን ሲሆን መስኮቱ ተገጥሞ፣ ተንበርክኮ ጠርዝ ጠርዙን በማሸጊያ እየዘጋ ነበር። ንፋሱ ቆመ። ማሞቂያው ሥራውን ያዘ። ኃላፊዋ ገርበብ ካለው በር ውጭ ቆማ ታያለች።

"አንተ ልጅ፣ አንድ ቃል አይወጣህም?" አሉ እማማ ሬዲዮ። "ማነህ?"

"መስኮት ገጣሚ ነኝ፣ እማማ።"

"ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ድምፅ የማዶ አልጋዋ ሴትዮ ነው። የጓደኛዬ ልጅ ነህ!"

እጁ ቆመ። "አዎ" አለ ቀስ ብሎ።

"እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ! አንተን ሳላገኝ ልሞት ነበር። በየቅዳሜው ጎህ ሳይቀድ እየመጣህ እግሯን የምታሽላት አንተ አይደለህ? እኛ ስንነቃ ሄደሃል። 'ዛሬም መጣ' ትለኛለች። 'ብርቱካን አምጥቶ በእጁ አጎረሰኝ።' ታዲያ ልጣጩ የታለ ስላት 'ቤቱ እንዳይቆሽሽ ብሎ ይዞት ሄደ' ትለኛለች። ይሄን የመሰለ ጨዋ ልጅ ወልዳ! ሌሎቹ አሮጊቶች ይቀኑባት ነበር፣ እኔም ቀንቻለሁ፣ ምን ልደብቅህ።"

ኃላፊዋ የበሩን መቃን ያዘች። ይህን አታውቅም ነበር። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ፀጉሯን አበጥራ፣ ፊቷን ታጥባ ታገኛት ነበር፤ ምክንያቱን ጠይቃት አታውቅም።

"እስቲ ንገረኝ" አሉ እማማ ሬዲዮ። "ምን ምን ትጨዋወቱ ነበር? እሷ ያንን ብቻ አትነግረኝም። 'የኔና የልጄ ነው' ትለኛለች። ምን ትላት ነበር?"

ወንድሟ ግንባሩን አዲሱ መስታወት ላይ አስደገፈ። ትከሻው ከተንበረከከበት ይንቀጠቀጥ ጀመር። የማሸጊያው ቱቦ ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ።

"ምነው ዝም አልክ? እፍረት ነው? እናቴ ናት በል እንጂ፣ ምን ያሳፍራል! ብርቱካኑንስ ከየት ነበር የምታመጣው? ጣፋጭ ነው ትል ነበር..."

አጣቢዋ የታጠፈ የአልጋ ልብስ ታቅፋ ከኮሪደሩ መጣች። ከኃላፊዋ ትከሻ በላይ አጮልቃ አየችና ደነገጠች። "ኧረ ሰውየውን ሊጨርሱት ነው! ምሳ ደርሷል ብዬ ላውጣቸው?"

ኃላፊዋ ይህን ጀርባ ተንበርክኮ ለማየት ዓመታት ጠብቃለች። ደስ አላት። ደስታው ስታስበው እንደነበረው አልጣፈጣትም። ቢሆንም ደስታ ነበር፤ አልካደችውም።

"ተያቸው" አለች። "ምሳቸውን እዚሁ አምጪላቸው። ገና አልጨረሱም።"

እጇን ዘርግታ በሩን ቀስ ብላ ሳበችው፤ ቋ ብሎ ገጠመ።

"ምነው ዘጋሽው?" አለች አጣቢዋ።

"ሙቀቱ እንዳይወጣ።"